የበየዳ ሰዎች እህል

ክንዴ በኃላፊነት ከያዘው የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ፣ በተናዱ ጆንያዎች ሥር ሞቶ ተገኘ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነበር፤ ድርቁ ያስወጣቸው የበየዳ ሰዎች ደባርቅ ወርደው ከመጋዘኑ ደጃፍ ስንዴ ይጠብቃሉ።

መርማሪው መቶ አለቃ አሻግሬ ሲደርስ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ነርሷ ሲስተር አረጋሽ፣ ከጎንደር እህል የሚያመላልሰው ሾፌር ገብረ ኪዳን፣ እህሉን በበቅሎ ወደ በየዳ የሚያወጣው ይግዛው። ይግዛው የበየዳ ተወላጅ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳለት ሟቹ ክንዴ ነበርና ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል።

«ክምሩ ተንዶበት ነው» አለ ሾፌሩ። «ከፍታውን ቀንስ ብዬው ነበር።»

«በሩስ?»

«በውጭ ተቆልፎ ነበር» አለች ነርሷ። «የትም ፈልገን ስናጣው ገብረ ኪዳን ጓጉንቸሩን ሰበረው።»

አሻግሬ የሟቹን ኪስ ፈተሸ። የመጋዘኑ ቁልፍ እዚያው ነው።

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«አንድ አለ» አለች ነርሷ። «ክንዴ ‹የማምነው ሰው ዘንድ ነው› ይለኝ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።»

መርማሪው የሬሳውን ራስ ቀና አድርጎ አየ። ቁስሉ ጠባብና ጥልቅ ነው። ደሙ የረጋው ወለሉ ላይ ብቻ ነበር።

«ሰዎቹ ተርበዋል» አለ ቀና ብሎ። «የወደቁትን ጆንያዎች አስቀድማችሁ ጫኑላቸው።»

ይግዛው ፈጠን ብሎ፣ «እነዚህስ ይቅሩ። የአበልጄ ደም ነክቷቸዋል። ከወዲያ ጥግ ካለው እንጫን» አለ።

አሻግሬ ከወደቁት አንዱን በአንድ እጁ አነሳውና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ራሱ ጠራቸው።

«የሞተ ሰው በሩን በውጭ አይቆልፍም» አለ በእርጋታ። «የቆለፈው ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘው ሰው ነው። ራሱን የፈነከተው ጆንያ ቢሆን ኖሮ ደም በነካው ነበር፤ አንዱም አልነካውም። ታዲያ ደም ነክቷል ብሎ እንዳይነሱ የከለከለ ሰው የፈራው ሌላ ነገር ነው።»

ጆንያውን በካራ ቀደደው። የወጣው ስንዴ አልነበረም፤ የገብስ ገለባ ነው።

«ለበቅሎ ቀለብ ብሎ ገለባ ይዞ የሚወርድ ማን ነው?»

ገብረ ኪዳን «ይግዛው» አለ።

አሻግሬ ወደ ይግዛው ዞረ። «ክንዴ ጆንያ ሲያነሳ ቀለለው። ለእኛ ሳይናገር አስቀድሞ የሚያምነውን አበልጁን ጠራ። ኪስህን ገልብጥ፣ ይግዛው።»

ቁልፉ ወጣ። ይግዛው ማልቀሱን ተወ።

«ስንዴውን ዳባት ለነጋዴ ሸጥኩት» አለ። «ክንዴ ‹ለማንም አልናገርም፤ የወሰድከውን ብቻ መልስ› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጆንያ ይቆጥር ጀመር። በመቀርቀሪያው ብረት መታሁት፤ ክምሩንም ናድኩበት።»

«ሊሸፍንልህ ነበር እኮ» አለች አረጋሽ።

እጁን አስረው፣ ማሰሪያው እንዳይታይ ጋቢውን ደርበውለት አወጡት። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል እመት ማንጠግቦሽ የሚባሉ የበየዳ ባልቴት ተነሥተው መጡ። የክንዴን መሞት ብቻ ነበር የሰሙት።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ» አሉት። ከትከሻው የተንሸራተተውን ጋቢ ሳብ አድርገው መለሱለት። «በርታ እንጂ። ያላንተ ማን አለን?»

ይግዛው አንገቱን ደፋ።