ዴፓ በቀርከሃው ገመድ ላይ

ዴፓ ከገበያ ከተማው ያገኘውን የወባ መድኃኒት በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰረና ጎህ ሲቀድ ተራራውን ተያያዘው። ሚስቱ አኒ በትኩሳት ከወደቀች አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ሰባተኛው ሳይሞላ ካልደረሰላት የሚጠብቀው ቀብር ብቻ ነው። መንደሩ ያለው ከተራራው ወዲያ፣ ከኑ ወንዝ ማዶ ነው። አብረውት የወጡት እማማ አቻ ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ የጸሎት ቤት አገልጋይ ሲሆኑ፣ ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ ስለሆነ እስከ ዳርቻው አብረውት ይጓዛሉ።

ዴፓ ከተጠመቀ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም የሊሱ ጎሣ አዳኝ፣ ሲቸግረው ለመናፍስት ዶሮ፣ ሲብስበት አሳማ እያረደ ኖሯል። መናፍስቱን ትቷል፤ ልማዱ ግን እሱን አልተወውም። ገና የተራራው አናት ላይ ሲደርሱ ሰማዩ አጓራና በረዶው ይወርድባቸው ጀመር፤ ጭጋጉም መንገዱን ዋጠው። ዴፓ ቋጥኝ ሥር ተሸጉጦ፣ በረዶውን ካቆመለት ቀዩን አውራ ዶሮውን እንደሚሰጠው ለእግዚአብሔር ጮክ ብሎ ቃል ገባ።

እማማ አቻ ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁበት። «ዶሮ አምጣ ያለህ ማነው?»

«ታዲያ በባዶ እጄ ልለምን፣ እማማ?»

«ልጅ አባቱ ቤት ሊገበያይ ነው እንዴ የሚገባው?»

ዴፓ ግን በረዶው ሲያባራ ዶሮው የሠራለት መሰለው።

ቁልቁለቱን ወርደው ቀርከሃው ውስጥ ሲገቡ፣ ግልገሏን ያስከተለች ጥቁር ድብ ከፊታቸው ተነሣች። ዴፓ ቀስቱን ሳበ። ክሩ በበረዶው ርሶ ላልቶ ኖሮ ፍላጻው እግሩ ሥር ወደቀ። አንድ አሳማ፣ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛውን ቃል ገባ፤ ድቧ ግን አልሰማችውም። በመዳፏ መትታ ቀኝ ክንዱን ሰበረችው። እማማ አቻ ድስታቸውን በዱላ እየቀጠቀጡ፣ መዝሙራቸውን እየጮኹ ወደፊት ሲመጡ ድቧ ግራ ገባት፤ ግልገሏን ይዛ ጫካው ውስጥ ገባች። አሮጊቷ የተሰበረውን ክንድ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰሩለትና አንዲት ቃል ሳይወቅሱት መንገዱን ቀጠሉ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወንዙ ዳር ደረሱ። ሁለት የቀርከሃ ገመዶች ተዘርግተዋል፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። ተሻጋሪ ወገቡን ከእንጨት ማንጠልጠያው ጋር አስሮ ይንሸራተታል፤ ዳር ለመድረስ ግን ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ የእማማ አቻ ጉልበት ደግሞ ለዚህ አይበቃም። ገመዱ ሥር ደግሞ የቆየ ባላጋራው ፉዳ ቀስቱን ወድሮ ቆሟል።

ከሦስት ዓመት በፊት ፉዳ ገደል ላይ የንብ ቀፎ አግኝቶ፣ በወጉ መሠረት ሁለት እንጨት አጣምሮ ምልክት አድርጎበት ነበር። ምልክት ያለበትን ማር ማንም አይነካም። ዴፓ ነካው፤ ሽማግሌዎች ፊትም አልነካሁም ብሎ ማለ። ፉዳ ውሸታም ተብሎ አገር ሳቀበት።

«የሚሻገር ይሻገር» አለ ፉዳ፣ የተሰበረውን ክንድ እያየ። «እጅ አለው አይደል?»

ዴፓ ቃል የሚገባው ነገር ፈለገ። ዶሮውም አሳማዎቹም አልቀዋል። ተንበረከከ።

«ጌታ ሆይ፣ የምሰጥህ የለኝም። በእጅህ ነኝ።»

ሌላ አልጨመረም። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ከፍርሃቱ ሥር ግን ከዚህ በፊት የማያውቀው ጽኑ ነገር አገኘ። ተነሥቶ የመድኃኒቱን ጥቅል ከደረቱ ፈታና ለፉዳ ዘረጋለት።

«ማሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የማልኩትም በውሸት ነው። አኒ ልትሞትብኝ ነው። እኔን የፈለግከውን አድርገኝ፣ ይሄን ግን አሻግርላት።»

ፉዳ ጥቅሉን አልተቀበለውም። «ይሄን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጀብህ?»

«ፈርቼህ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራሃለሁ።»

ፉዳ ቀስቱን መሬት ላይ ጣለ። አኒ መድኃኒቱን ስንት ስንት እንደምትውጥ እሱ ከየት እንደሚያውቅ እየተነጫነጨ፣ ዴፓን ከነጥቅሉ ደረቱ ላይ እንደ ሕፃን አሰረው፤ ማንጠልጠያውን በሰበቃ እንዳይነድ ውኃ አጠጣና ከዳርቻው ተወረወረ።

ገመዱ አፏጨ። ማንጠልጠያው ጨሰ፤ ከሥራቸው ወንዙ አረፋውን እየደፈቀ ያጓራል። የሁለት ሰው ክብደት ገመዱን አረገበውና ዳር ሳይደርሱ፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥለው ቆሙ። ፉዳ በእጁ ገመዱን እየጨበጠ መጎተት ጀመረ፤ መዳፉ ተልጦ ደሙ የዴፓ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ዕድሜውን በገዛ ክንዱ ሲመካ የኖረው አዳኝ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ግን ዓይኑን አልጨፈነም። ክንድ በክንድ እየተጎተቱ የማዶው ድንጋይ እግራቸውን ሲነካ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ወደቁ።

ፉዳ ፈታውና በመመለሻው ገመድ ተሻገረ። ዴፓ ሮጠ።

አኒ በሕይወት ነበረች። መድኃኒቱን ሦስት ቀን ዋጠች፤ በሦስተኛው ቀን ጧት በላብ ተጠምቃ ተነሥታ ተቀመጠችና የበቆሎ ገንፎ አምጡልኝ አለች። ጎረቤት ሁሉ በደስታ አለቀሰ። ዴፓ ገንፎውን በግራ እጁ አጉርሷት ስትጠግብ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በረረ።

ፉዳ ከማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱንም ቀን ከዚያ አልራቀም። የወንዙ ጩኸት ቃል አያሻግርም፤ ስለዚህ ዴፓ ደህናውን እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እንደ ጥጃ ዘለለ።

ፉዳ ተነሣ። ጥምጣሙን ፈትቶ ወደ ላይ ወረወረውና፣ ማንጠልጠያውን ገመዱ ላይ አስገብቶ ወደ እሱ መጣ።