የተቆለፈው ስልክ

የገብረአማኑኤል ሬሳ የተገኘው ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚያወጣው የእግር አቋራጭ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ሰዉ «አዳልጦት ነው» አለ። ሻምበል ዘርአ ዳዊት ግን ገደሉ አፋፍ ላይ ደም የነካው ድንጋይ አገኘ። አዳልጦት የወደቀ ሰው ደሙን አፋፍ ላይ ትቶ አይወድቅም።

ሟቹ የግብርና ሠራተኛ ነበር። የተነሣው በሐሰት ጥቆማ ለታሰረው ለመምህር ኃይለ ገብርኤል ሊመሰክር ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ለእስረኛ መመስከር በእሳት መጫወት ነበርና «በበቅሎ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ» ብሎ አስወርቶ ነበር። እውነተኛ መንገዱን የተናገረው ለደብረ ብርሃኑ ዓቃቤ ሕግ፣ ያውም ከቢሮው ስልክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጣት ሁሉ መስመሩን ወዳገናኘችው ስልከኛ፣ ወደ ይመኙሻል ተቀሰረ። በካቴና ታስራለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና ማምሻውን ይመጣል። እንዲያ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አገሩ አያውቅም።

ሻምበሉ መጀመሪያ በቅሎ አከራዩን፣ የአልዩ አምባውን ዓወልን ጠየቀ።

«ወላሂ ሻምበል፣ ከነበቅሎዬ ዋናው መንገድ ላይ ስጠብቀው ነው የዋልሁት። በእግሩ እንደሚሄድ ባውቅ ብርድ ላይ ምን ይገትረኛል?»

መንገደኞችም እዚያው ቆሞ አይተውታል።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ ወልደተንሣኤ ቀረበ። የሟቹ አበልጅ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሣለት፣ በለቅሶውም ከሁሉ አብልጦ ደረቱን የደቃ። የትምህርት ቤቱና የግብርናው ስልክ በአንድ ሽቦ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው መነጋገሪያውን ካነሣ ይሰማል።

«በእኔ በኩል አይሥጉ፣ ጓድ ሻምበል» አለ ወልደተንሣኤ፣ ስልኩ የተቀመጠበትን የእንጨት ሣጥን መታ መታ እያደረገ። «ለጥንቃቄ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ አንድ ነው፤ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ለጸሐፊም አይሰጥ?»

«ለእናቴም! ይልቅ ያቺን ሴት አጥብቀው ይያዙ።»

ሻምበሉ አመስግኖ ወጣና ወደ ይመኙሻል ሄደ።

«ሲነጋገሩ ያልተለመደ ነገር ሰምተሻል?»

«ኧረ ምንም። ጋሽ ገብረአማኑኤል አስነጠሳቸው፤ ዓቃቤ ሕጉ ‹ይማርህ› አሏቸው። በቃ።»

ሻምበሉ ለዓቃቤ ሕጉ ደወለ።

«እኔ አላልሁም» አለ ዓቃቤ ሕጉ። «ድምፁ ቅስስ ያለ ነበር፤ የስልከኛዋ መስሎኛል።»

መኪናው ሳይደርስ ሻምበሉ ሁሉንም በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሰበሰበ፤ የሟቹም ሚስት አስካለማርያም በጥቁር ነጠላዋ መጣች።

«ሟቹ ሲያስነጥሰው መስመሩ ላይ አንድ ሰው ‹ይማርህ› ብሏል» አለ ሻምበሉ። «ዓቃቤ ሕጉ የሷ መሰለው፤ እሷ የሱ መሰላት። እሷ ዋሽታ ቢሆን፣ ደውዬ እንደማጣራ እያወቀች ነገሩን ባላነሣችብኝ። እንግዲህ ሦስተኛ ጆሮ ነበር። ያ ሽቦ ደግሞ ሌላ ስልክ የለውም፤ ከዚህ በቀር።» ሣጥኑን አሳየ። «ርዕሰ መምህር፣ ቁልፉን ለእናትህም አትሰጥም። ታዲያ ማን ከፈተው?»

ሻምበሉ ወደ ወልደተንሣኤ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

«ምስክሩ ከቀረበ መምህሩ ይፈታል፤ በሐሰት የጠቆመው ደግሞ በተራው ይታሰራል። ጠቋሚው ማን ነው?»

«አበልጄ፣ ተናገር እንጂ!» አለች አስካለማርያም። «አላደረግሁም በላቸው!»

ወልደተንሣኤ አንገቱን ደፋ። «የመምህሩን ነገር የጠቆምሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ስሰማ ቀድሜው ወጣሁ… ‹ይማርህ› ማለቴን ግን እስካሁን አላወቅሁም። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለው የኖርሁት ነዋ።»

ሻምበሉ ካቴናውን ከይመኙሻል እጅ ፈትቶ በርዕሰ መምህሩ እጅ አስገባ። ልጅቷ አንጓዋን እያሻሸች አለቀሰች። አስካለማርያም ግን ትኩር ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ባሌ ምን መለሰ?»

«‹ያኑርህ› አሉ፣ እትዬ። ሳቅም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ‹በአቋራጩ እሄዳለሁ› ያሉት።»

አስካለማርያም ቀስ ብላ ወደ አበልጇ ዞረች።

«ድምፅህ አይጠፋውም እኮ» አለችው። «መስማትህን አውቆ ነው መንገዱን የተናገረው።»