ጥቁሩ ድንጋይ

«አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው! ከዚያ አንድ ግራም አያልፍም!» አሉ አጎቷ፣ ጥቁሩን ድንጋይ በመዳፋቸው እየመቱ።

«አይደለም ጋሼ። ስምንት መቶ አሥር ነው» አለች ልጅቷ።

ድንጋይ መቁረጫው ቤት በሳቅ ተሞላ። «ፕሮፌሰሯ መጣች!» አለ ታላቅ ወንድሟ። ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ባለፈው ወር የአንድ ጠረጴዛ ድንጋይ ስታሰላ አንድ ዜሮ በስህተት ጨምራ «ስድስት መቶ ኪሎ» ብላ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ አፏን በከፈተች ቁጥር ይስቁባታል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የዛሬውን ሦስት ጊዜ ነው ያሰላችው። ድንጋዩ ሁለት ሜትር ይረዝማል፣ አንድ ሜትር ይሰፋል፣ ውፍረቱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው። ሲባዛ ዜሮ ነጥብ ሦስት ሜትር ኩብ ይመጣል። ትናንት ደግሞ ከጠርዙ የወደቀ ስባሪ ቤት ወስዳ በወጥ ቤት ሚዛን ስትመዝነው አምስት መቶ አርባ ግራም ሆነ። መለኪያ ጆግ ውስጥ ስትከተው ውሃው ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። ስለዚህ የዚህ ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ኪሎ ይመዝናል። የሰንሰለት ማንሻው ላይ የተጻፈው የማንሳት አቅም ግን «500 ኪ.ግ» ነው።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አሉ አጎቷ። «ሠላሳ ዓመት ድንጋይ አንስቻለሁ። ዓይኔ ሚዛን ነው! ቁጥርሽን ለፈተና አስቀምጪና ሂጂ ሻይ አፍይልን።»

ደሟ ፈላ። ይበልጥ ያናደዳት ደግሞ ዓይናቸው እውነትም ሚዛን መሆኑ ነው፤ ለነጩ ድንጋይ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆረጡት ያንኑ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው፤ በዚህ መጠን ሲቆረጥ ልክ አራት መቶ ሃምሳ ይመጣል። ጥቁር ድንጋይ ወደዚህ ቤት ሲገባ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱንም ያመጣው መኪና በራሱ ክሬን አውርዶት ሄደ።

ወንድሟ ድንጋዩ የሚንከባለልባቸውን የብረት ዘንጎች ይዞ ተንበረከከ። ድንጋዩ ከፍ ሲል ሥሩ ገብቶ የሚደረድራቸው እሱ ነው።

«የራሳቸው ጉዳይ!» ብላ ወደ በሩ ሄደች። እንደገና ከተሳሳተች እዚህ ቤት ፊቷን አታሳይም። በሩ ጋ ስትደርስ ሰንሰለቱ ሲንቋቋ ሰማች። የወንድሟ ሳቅም ተሰማት። በሱም፣ በአጎቷም፣ ባለፈው ወር በሳተችው ዜሮም ተናደደች። ተመልሳ ሮጠችና ድንጋዩ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

«ውረጂ!» ብለው ጮኹ አጎቷ።

«አልወርድም!»

ወንድሟ እጇን ጎተተ። «አንቺ፣ አታሳፍሪኝ እንጂ!»

ከቦርሳዋ ሁለት ስባሪ አወጣች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ መጠናቸው እኩል ነው። በሁለቱ እጆቹ አስጨበጠችው። «ያዛቸው! ከዚያ ሳቅ!»

ነጩን ከፍ ዝቅ አደረገው። ጥቁሩን ከፍ ዝቅ አደረገው። ከዚያ አልሳቀም። ቀና ብሎ ማንሻው ላይ የተጻፈውን አየ፤ ዝቅ ብሎም የተንበረከከበትን ቦታ አየ።

«ዜሮዎቹን አይተሻቸዋል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሦስቴ።»

«ምን ትጠብቃለህ? አውርዳት እንጂ!» አሉ አጎቷ፣ ሰንሰለቱን እንደያዙ።

ወንድሟ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ከዚያም መጥቶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ቢሆንም ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።