የእማማ ወለተሥላሴ ወተት

እማማ ወለተሥላሴን የገነዙት ሴቶች አስከሬናቸው እንደ ሕፃን መቅለሉ አስደነገጣቸው። አልጋው ሥር ሰባት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ተደርድሯል። አሮጊቷ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ሰባት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በቀን ሦስት ኩባያ ወተት ካልጠጡ ስብራቱም እንደማይጠገን፣ ዳግመኛም እንደማይቆሙ ሐኪሙ አስጠንቅቋል።

ሐዘን ተጠያቂ ይፈልጋል፤ ደሃ ደግሞ ቅርብ ነው። ልጃቸው ሠርካዲስ በስንት ደጅ ጥናት ያገኘችውን ወተት አስታማሚዋ ዲንቄ ሸጣዋለች ብላ ከሰሰች። በ1971 ዓ.ም. አሻጥረኛ መባል ነፍስ ያስጠፋ ነበርና ዲንቄ ቀበሌ ታስራ ሞቷን ትጠብቃለች። ለመርማሪው መቶ አለቃ ሞቱማ የመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማማ በማርያም አስምለውኛል።»

ሞቱማ ጣሳዎቹን አገላብጦ አየ። ሌባ ጣሳውን እንዳለ ይወስዳል እንጂ በማንኪያ እየቀነሰ ባዶውን አይደረድርም። ቤቱ ያስፈራ ነበር፤ ሠርካዲስ ከግድግዳው ወዲያ የእናቷን ሳል እሰማለሁ ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

በሣልስቱ ዲንቄን አስመጥቶ፣ እማማን በየቀኑ ይጠይቁ የነበሩትን ሁሉ በእማማ ክፍል ሰበሰበ።

«ወተቱ ተመርምሯል» አለ። «ተበላሽቶ መርሮ ነበር።»

ውሸቱን ነው።

«ኧረ ይጣፍጥ ነበር» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ዙሃራ። ሌላው ጎረቤት አቶ ገብረየሱስም ምሬት የሚባል እንዳልነበረው መሰከሩ። ሠርካዲስ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሞቱማ መቼ መቼ እንደቀመሱት ጠየቃቸው። ገብረየሱስ ጠዋት ከልደታ ማርያም ሲመለሱ፣ ዙሃራ በቀትር፣ ሠርካዲስ ማታ ከሥራ ስትወጣ ነበር።

«ሦስት ኩባያ» አለ ሞቱማ። «እማማ ጠያቂ ባዶ አፉን አይሸኙም። እምቢ ስትሏቸው ‹እኔ ጠጥቻለሁ፣ በሞቴ› ይሉ ነበር። እያንዳንዳችሁ አንድ ብቻ ጠጣችሁ፤ ለእሳቸው የሚተርፍ አራተኛ ግን አልነበረም። ዲንቄን ያስማሏት ይህን እንዳታወጣ ነው።»

ዙሃራ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሠርካዲስ ወደ ዲንቄ ዞረች።

«ለኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት እርስዎን ነበር። እርስዎ ሲጠጡ ካዩ በኋላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው።»

ሠርካዲስ ክሷን ማንሳቷን ፈረመች፤ ዲንቄም ተፈታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሠርካዲስ ግን ከዚያ ወዲያ በእናቷ ክፍል ብቻዋን መቀመጥ አልቻለችም።