የሀምዳን የግራ ኋላ ጎማ

ሾፌሩ ለገሰ በሰው ፊት ያዋረደኝ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2010፣ ታኮማ ፓርክ፣ የሀምዳን ለቅሶ ላይ ነው። ገና ጫማዬን ሳወልቅ «ገዳዩ መጣ» አለ። ቀጠለና፦ «ጎሚስታ ምን ያውቃል? ጎማ ነፍቶ መሸኘት ነው!» አንድ ሰው እንኳ ተው አላለውም። የሟች ሚስት ኢፋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የማልረሳው ያንን ነው።

ሀምዳን ሰኞ ጠዋት የኤርፖርት ቫኑን እየነዳ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ የግራ ኋላ ጎማው ፈነዳና ተገለበጠ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ አራቱንም የቀየርኩለት እኔ ነኝ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። አሠሪዬ «እስኪጣራ አትምጣ» ብሎኛል። ካልተጣራ በቃ፣ እስክሞት ገዳይ ነኝ።

አርብ የኢፋትን ወንድም ከሊፋን ለምኜ፣ ቫኑ ወደተጎተተበት አናንዴል ሄድን።

«ጋሼ ክፍሉ፣ ምን ይፈልጋሉ? አዲስ ጎማ እኮ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣበት የጎማ ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም!»

እውነቱን ነው፤ ጥርሱ አልተበላም። ተንበርክኬ ጎኑን በምራቅ ጠረግሁት።

«እዚህ ጋ ያለውን አራት ቁጥር አንብብልኝ።»

«ዜሮ ሰባት፣ ዜሮ ሁለት።»

«በፈረንጅ 2002 ሰባተኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ስምንት ዓመቱ። እኔ የገጠምኩት የዘንድሮ ነው።»

ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እኔ ሁልጊዜ ዳዶውን፣ የጎማውን ብሎን፣ አጥብቄ ስጨርስ ከዳዶው እስከ ቸርኬው፣ ጎማው እስከተገጠመበት ብረት፣ ነጭ ቀለም እስባለሁ፤ የላላ ወዲያው እንዲታይ። ሌሎቹ ሦስት ጎማዎች ላይ መስመሩ ሙሉ ነው። በፈነዳው ላይ ግን ዳዶዎቹ ግማሽ መስመር ይዘዋል፤ ቸርኬው ምንም የለበትም።

«ሰው ቸርኬውን ቀይሮታል።»

ከሊፋ ፊቱ ጠቆረ። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

ሀምዳን፣ ከሊፋና ለገሰ በሽርክና የሚሠሩ ሦስት ሾፌሮች ነበሩ።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ለገሰ ቤት ሄድኩ። የለም። ሚስቱ ስመኝ ወጣች።

«የለገሰ ቫን ኢንስፔክሽን፣ የመኪና ምርመራውን፣ አለፈ?» አልኳት።

«ውይ ጋሼ፣ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ሪጄክት አድርገውት እንዴት ተናደደ! የግራ ኋላው ቢያልቅበት ተጠባባቂ ስኮርታውን አሰረ፤ እሱንም አርጅቷል አሉት። ስንት ዓመት ስቶሬጅ ያስቀመጠው፣ መሬት ያልነካ ጎማ! በማግስቱ ግን አሳለፉት።»

ቫኑ በር ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ የግራ ኋላውን ቸርኬ በጣቴ ዳበስኩ። ስመኝ «ምነው ጋሼ?» አለች። ደህና ዋይ ብያት ሄድኩ።

እሑድ ኢፋት ቤት ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ለገሰና ስመኝም መጡ።

«ከሊፋ፣ ያንተ ቫን ስንት ዳዶ ነው?»

«አምስት።»

«የሀምዳን ስምንት ነው፤ ያንተ ቸርኬ አይገባለትም። የለገሰም ስምንት ነው።»

«እና?» አለ ለገሰ። «ጎሚስታው ፖሊስ ሆነ?»

«ከአደጋው በፊት ሐሙስ አርጅቷል ተብሎ የተጣለ ጎማህ አርብ የት ሄደ?»

«ጣልኩት።»

«የት? አሁን በገጠምከው ቸርኬ ላይ የኔ ነጭ ግማሽ መስመር አለ፤ ዳዶህ ላይ የለም። የሀምዳን ዳዶ ላይ ያለው ግማሽ እሱን ነው የሚፈልገው። ውጪ ነው ያቆምከው፤ ውጡና እዩ።»

ማንም አልተነሳም። ከሊፋ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ያን አርብ ከሀምዳን ጋር ከጁምዓ ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ለገሰን እጁን ሲጠርግ አገኘነው። ሀምዳን ደስ ብሎት ምሳ ጋበዘው።»

ስመኝ አፏን ያዘች። የነገረችኝ እሷ መሆኗ የገባት ያኔ ነው። ኢፋት «ምሳውን በላህ?» አለችው።

ለገሰ ተንበረከከ። «መሬት ያልነካ ስለሆነ የኔን አሰርኩለት… የሱን ለኢንስፔክሽን ብቻ ብዬ ነው የወሰድኩት፤ ሰኞ ልመልስለት ነበር…» ዞር ብሎ እግሬን ያዘ። «ጋሼ ክፍሉ፣ ልጆች አሉኝ። ፖሊስ እርስዎን ይጠይቃል። የጎማ ነገር እርስዎ ያውቃሉ። ይፈነዳል ብሎ አላወቀም ይበሉልኝ።»

ያ ሁሉ ሰው አፌን ያያል። ኢፋትም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

እግሬን ቀስ ብዬ ከእጁ አስለቀቅሁና «አርጅቷል ብለውህ ነበር» አልኩት። ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።