የወይዘሮ ዓለሚቱ አውራ ጣት

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከአውድማቸው ሥር ካለው ገደል ግርጌ ሞተው ተገኙ። ጠዋት አውድማቸውን በእበት ሲለቀልቁ ሲታዩ ጤነኛ ነበሩ። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣችው ኢንስፔክተር እድላዊት ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ቀኝ እጃቸውን አተኩራ አየችው። እጃቸው ላይ በደረቀው እበት ከግንባራቸው የፈሰሰ ደም ረግቶበታል። አውራ ጣቱ ግን ንጹሕ ነው።

የመሬት ምዝገባ ባለሙያው ደምሌ ታብሌቱን እንደ መስቀል ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኛ አሁን ደንበኛ ተኮር ነን። ባላገሩ ቢሮ አይመላለስም፤ ደጁ ድረስ ሄደን እንመዘግባለን። ዛሬ እትዬ ዓለሚቱ እዚሁ አውድማው ላይ ቆመው፣ እየመረቁኝ አሻራቸውን ሰጡ። ማሳቸውን እንደ ልጅ ለምትረዳቸው ለእህቴ ለመዓዛ በስጦታ አዛወሩ። የወንድማቸው ልጅ ሥዩም ይህን ሰምቶ ይሆናል የገደላቸው።»

እድላዊት ታዘበችው። «ደንበኛ» የምትለውን ቃል ከአፉ የማይነጥል፣ ደንበኛውን ግን ቀና ብሎ የማያይ ስንቱን አይታለች!

ሥዩም ዓይኑን እየጠረገ፣ «ስለ ስጦታው ገና አሁን መስማቴ ነው» አለ። «ታብሌት የሚሉትንም ከሩቅ እንጂ ነክቼው አላውቅም።»

የድንበር ጎረቤታቸው አቶ ሀብቴ ከሟቿ ጋር የነበራቸውን ጠብ አልደበቁም።

«ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ብገድላቸው ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?»

«እርስዎስ በታብሌቱ አሻራ ሰጥተው ያውቃሉ?» አለች እድላዊት።

«ኧረ እኔ የማውቀው ቀለሙን ነው። ጣቴ ጭቃም ቢሆን ቀብተው ያስፈርሙኛል።»

ከሰዓት በኋላ እድላዊት መዓዛንም አስጠርታ አራቱንም አውድማው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ደምሌ፣ የታብሌቱ አሻራ ማንበቢያ መስታወት የቆሸሸ ጣት ያነባል?»

«በፍጹም! መጽዳት አለበት» አለ በኩራት።

«አሻራውን የሰጡህ በሕይወት ሳሉ ነው?»

«እየመረቁኝ አልኩዎት እኮ!»

«ውሸታም! ጣታቸውን ቀድመው አጥበውት ቢሆን ሲወድቁ ደሙ እሱንም ባለበሰው ነበር። እጃቸው በሙሉ ደም ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ግን ጠብታ የለም። የታጠበው ከሞቱ በኋላ ነው። ለሬሳ አንድ ጣት ብቻ የሚያጥብ፣ መስታወቱ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ፣ ታብሌቱንም የያዘ ሰው ነው። አልሰጥም ሲሉህ ገፍተህ ጣልካቸው፤ ከዚያ ወርደህ አሻራቸውን ወሰድክ። ደንበኛህን ደጃቸው ድረስ መጥተህ አገለገልካቸው!»

ደምሌ ወደ እህቱ ዞረ። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው...»

«ለእሷ!» አለች እድላዊት። «ከስሟ ወደ ስምህ እስክታዞረው ድረስ ነዋ!»

መዓዛ ወንድሟን እንደማታውቀው ሰው አየችው።

«ስሜን ከዚያ አውጡልኝ» አለች።

ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ገደሉ ወረደች። ሥዩም ጥቂት አመንትቶ ተከተላት፤ አክስቱንም አብረው አነሷቸው።