ድምፅ ለመሐንዲሱ

ምስማር ቀዩን ቀሚስ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

ቀይ ከተሰቀለ «መሪው ውስጥ ነው፣ ግቡ» ማለት ነው። አረንጓዴ ከሆነ «ቆዩ»።

ማዶ ነጭ መኪና ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም።

ምስማር የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ያወጣላት ስም ነው። እዚህ ስፌት ቤት ግን ቁልፍ ትተክላለች። የገባችው «ድሮ ቢሆን» የሚባለውን የኢንተርኔት ቡድን ማን እንደሚመራው ልትደርስበት ነው። ቡድኑ የቆየ ምርጫ እያነሳ ለጨዋታ ድምፅ ያሰጣል። የዛሬው ከአርባ ዓመት በፊት የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው፤ ጄኔራሉ ወይስ መሐንዲሱ? ያኔ ጄኔራሉ አሸነፈ ተባለ። አሁን ወንበሩ ላይ ያለው ልጁ ነው።

በጨዋታው ግን መሐንዲሱ እየመራ ነው።

መሪዋም ሌላ አይደለችም፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ናት። ስልኳን እያየች ትስቃለች።

«ስሚማ እህቴ፣ ይሄ ምን ይላል መሰለሽ? አያቴ ለጄኔራሉ መርጦ እስኪሞት ተቆጨ፣ ዛሬ እኔ ልካስለት ይላል!»

«የታደለ አያት።»

«ደሞ አንድ አዲስ ገብቷል፣ ቆፍጣና። በስልክ መምረጥ ምን ያደርጋል፣ ነገ አደባባይ ወጥተን እንምረጥ እያለ ልጆቹን አሙቋቸዋል። ስንብቱ ነው የገደለኝ። ‹እንዳትቀልጡ› ይላል!»

ምስማር ቀዩን ቀሚስ ከመስኮቱ መለሰችው።

«ደህና ሁኚ» ማለት የማያውቅ ሰው አንድ ነው። አለቃዋ። ሁሌ «እንዳትቀልጪ» ብሎ ነው የሚለያት። «መሪውን ብቻ አሳዪኝ፣ ለወሬ ማንም አይነካም» ብሎ የማለላትም እሱ ነው።

ለካ ወሬውን ወንጀል የሚያደርገው ራሱ ኖሯል።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ ደህንነት ነው። ማንም አደባባይ እንዳይወጣ አሁኑኑ ጻፊ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ምስማር ማዶ ያለውን ነጭ መኪና አየች።

«በምን አወቅሽ ነው የምልሽ!»

«አለቃዬ ነው።»

እትዬ መቀሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እህቴ ስልሽ አቤት ትይኝ ነበር እኮ።»

«ጻፊና በጓሮ ውጪ። ስድቡን መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ።»

እትዬ ጻፈች። ላከች። ወጣች። ዞራ አላየችም።

ምስማር አረንጓዴውን ሰቀለች።

ማዶ ሞተሩ ጠፋ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«ምንድን ነው አረንጓዴ?»

«ሰውዬው አልመጣም፣ ጋሼ።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ቡድኑ ውስጥ ተጽፏል። ማን ነገራቸው?»

«እንጃ።»

«እንዳትቀልጪ። መጣሁ።»

የመኪናው በር ሲከፈት ታያት።

ስልኩን ከጨርቁ ክምር ሥር ወሸቀች። በጓሮው በር ወጥታ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መሃል ገባች። የማንንም ፊት አላየችም፤ የሷንም ያየ የለም።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ ፖሊስና ርግብ ብቻ ነበሩ። በጨዋታው መሐንዲሱ አሸነፈ።

በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሱቅ፣ አንዲት ሴት ቁልፍ ትተክላለች። እህቴ የሚላት የለም።

ቀልጣለች።